ባሕረ ሐሳብና ኮምፖዚት ፈንክሽን፦ በጎጃም ያልተዋወቁት ሁለት ትምህርት ቤቶች

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በደብረ ማርቆስ «ኤፍ ኦፍ ጂ ኦፍ ኤክስ» የሚለውን ሲያይ ከባሕር ማዶ የመጣ እንቆቅልሽ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ለአገሩ እንግዳ አይደለም።

ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስና ደብረ ወርቅ በቅኔና በመጻሕፍት ትርጓሜ የታወቁ ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከእነዚሁ ጉባኤ ቤቶች ቀስመዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ከያዛቸው ዕውቀቶች አንዱ ደግሞ ባሕረ ሐሳብ ነው። ስሌቱ ከእስክንድርያ የመጣ ሲሆን፣ ትውፊት ለ12ኛው ፓትርያርክ ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይሰጠዋል።

የ2018ን ፋሲካ እናስላ። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ይህ መደብ ነው። አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። ወንበር በ11 ተባዝቶ 132፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12 ይወጣል። አበቅቴና መጥቅዕ ምንጊዜም ድምራቸው 30 ስለሆነ መጥቅዑ 18 ነው። ከ14 በላይ በመሆኑ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ይውላል፤ ዕለቱ እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመር 25 ይሆንና ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል። የፋሲካ ተውሳክ 9 ነው፤ 34 ሆኖ 30ው ሲገደፍ ፋሲካ ሚያዝያ 4።

የአንዱ ደረጃ መልስ ለቀጣዩ ደረጃ መነሻ ነው። ኮምፖዚት ፈንክሽን ማለትም ይኸው ነው፦ ከውስጥ ጀምሮ ወደ ውጭ መውጣት።

ቅደም ተከተሉ ቢዛባስ? ተማሪው መጀመሪያ 13ን በ11 አባዝቶ ኋላ አንድ ቢቀንስ 142 ያገኛል፤ አበቅቴው 22፣ መጥቅዑ 8 ይሆናል። በዓለ መጥቅዕ ወደ ጥቅምት ይዞራል፤ ፋሲካም ሚያዝያ 25 ይውላል። በአንድ እርምጃ መዛባት ሦስት ሳምንት! ክፉው ነገር፣ ሚያዝያ 25 ፋሲካ ሊውልበት የሚችል ቀን ስለሆነ መልሱን አይቶ የሚጠረጥር አይኖርም።

ይህን ስንል አባቶች አልጀብራን ፈጠሩ ማለታችን አይደለም። ባሕረ ሐሳብ የሚፈታው የአጽዋማትንና የበዓላትን ጥያቄ ነው። አልጀብራ ግን ቁጥሩን በፊደል ተክቶ ያንኑ ሰንሰለት ለማንኛውም ጉዳይ ያውለዋል። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ሊካድም አይገባም።

ሆኖም ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲከፈት ጎረቤቱን «ምን ታውቃለህ?» ብሎ አልጠየቀም። የአብነት ተማሪ አስኳላ ሲገባ የሚያውቀው ስሌት እንደ ሒሳብ ሳይሆን እንደ ሃይማኖት ብቻ ተቆጠረለት። ውጤቱም ሒሳብን «የነጭ ትምህርት» ብሎ የሚፈራ ትውልድ ሆነ። መምህሩ ከእንግሊዝኛው ምሳሌ በፊት ወንበርንና አበቅቴን ሰሌዳው ላይ ቢጽፍ ምን ይጎድልበታል? ወጪው አንድ ጠመኔ ነው።