የአንድ ምስክር ፍርድ

በአገራችን የቆየ የዳኝነት ልማድ መሠረት አንድ ምስክር ብቻውን ፍርድን አያጸናም። ምስክሩ እውነተኛ ሰው ቢሆን እንኳ ዓይኑ ሊያታልለው፣ ጆሮው ሊስት ይችላልና ዳኛው ሁለተኛውን ይጠራል። ይህ ሥርዓት ለሰው ብቻ ሳይሆን ሰው ለሠራው መሣሪያም እንደሚያስፈልግ ዓለም የተማረው በከባድ ዋጋ ነው። ዋጋው ከተከፈለባቸው ስፍራዎች አንዱ የኢትዮጵያ መሬት ስለ ሆነ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርባለን።

የመጀመሪያው አይሮፕላን በአዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን ጉዞ አደረገ። ዛሬ የእንጭኒ፣ የጊንጪ ወይም የአምቦ ሰው ባሕር ማዶ ለመሻገር ሲነሣ ከቦሌ በገዛ አገሩ አይሮፕላን ይሳፈራል። ስለዚህ በአየር መንገዱ ላይ የሚደርስ ሐዘን የአንድ መሥሪያ ቤት ሐዘን ሆኖ አይቀርም።

እሑድ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጧቱ በ2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ፣ አየር መንገዱ ከተረከበው አራት ወር እንኳ ያልሞላው ቦይንግ 737 ማክስ 8 አይሮፕላን ወደ ናይሮቢ ለመብረር ከቦሌ ተነሣ። አዛዡ የ29 ዓመቱ ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው ከ8,000 ሰዓት በላይ የበረሩ ሲሆኑ፣ ረዳታቸው የ25 ዓመቱ አሕመድኑር መሐመድ ነበሩ። ከስድስት ደቂቃ ያህል በኋላ አይሮፕላኑ በምሥራቅ ሸዋ፣ በጊምቢቹ ወረዳ፣ ኤጄሬ አጠገብ ወደቀ፤ ይህም በእኛ በምዕራብ ሸዋ ከሚገኘው ኤጄሬ የተለየ ነው። ከ30 በላይ ከሆኑ አገሮች የመጡ 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ።

ለመሆኑ አዲስ አይሮፕላን እንዴት ወደቀ? በአይሮፕላኑ አፍንጫ ግራና ቀኝ፣ ክንፉ ከሚመጣው ነፋስ ጋር የሚፈጥረውን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት ትንንሽ ጠቋሚዎች አሉ። ማዕዘኑ ከመጠን ሲያልፍ ክንፉ አይሮፕላኑን መሸከም ያቅተዋል። በዚህ ዓይነት አይሮፕላን ላይ የተገጠሙት ሞተሮች ከቀድሞዎቹ የገዘፉና ወደ ፊት የተገፉ በመሆናቸው አፍንጫው ወደ ላይ እንዳይነሣ፣ አብራሪው ሳያዝዘው አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋ ሥርዓት በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተጨምሮ ነበር። ሥርዓቱ ግን በአንድ ጊዜ የሚሰማው የአንዱን ጠቋሚ ቃል ብቻ ነበር። በዚያች ጧት አይሮፕላኑ መሬት እንደ ለቀቀ የግራው ጠቋሚ 74.5 ዲግሪ ሲል፣ የቀኙ 15 ዲግሪ ያህል ይል ነበር። እውነተኛው ምስክር በቀኝ በኩል ቆሞ ሳለ የሚጠይቀው አልተገኘም። ሐሰተኛው ታመነ፤ አፍንጫውም በተደጋጋሚ ወደ መሬት ተገፋ። አብራሪዎቹ የኤሌክትሪኩን ኃይል ቆርጠው የጅራቱን አግዳሚ ክንፍ በእጅ ሊያስተካክሉ ቢታገሉም፣ ፍጥነቱ በርትቶ ነበርና አልቻሉም። ኃይሉ ተመልሶ ሲገናኝ ሥርዓቱ ለመጨረሻ ጊዜ ገፋቸው።

ጥፋቱ የመጀመሪያ አልነበረም። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢንዶኔዢያው ላየን ኤር የዚሁ ዓይነት አይሮፕላን በጃቫ ባሕር ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። ከሁለተኛው አደጋ በኋላ ኢትዮጵያና ቻይና ወዲያው፣ አሜሪካም መጋቢት 4 ቀን አይሮፕላኑን ከበረራ አገዱ።

በውጭ አገር ግን አንዳንዶች ምርመራው ሳይፈጸም በአብራሪዎቹ ችሎታ ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ። ይህም ሌላ የአንድ ወገን ፍርድ ነበር። የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጀመሪያውን መግለጫ መጋቢት 26 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የመጨረሻውን ደግሞ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. አወጡ። የጠቋሚውን ብልሽት ምክንያት የኢትዮጵያ መርማሪዎች በኤሌክትሪክ ጉድለት ሲያሳብቡ፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች ወፍ ሳይመታው አይቀርም፣ የአብራሪዎቹም አሠራር ይበልጥ መመርመር ነበረበት ብለዋል። በዚህ ቢለያዩም አፍንጫውን ወደ ታች የገፋው ያ ሥርዓት የአደጋው ምክንያት መሆኑን ሁሉም ተቀብለዋል። ቦይንግም በኅዳር 2014 ዓ.ም. በቺካጎ ፍርድ ቤት በቀረበው ስምምነት ለደኅንነት የማያስተማምን አይሮፕላን መሥራቱን አመነ።

መድኃኒቱ የተገኘው በዚያው በጥንቱ የዳኝነት ሕግ ነው። በታደሰው አይሮፕላን ሥርዓቱ የሁለቱን ጠቋሚዎች ቃል ያስተያያል፤ ካልተስማሙ ሥራውን ያቆማል፤ ከአብራሪው እጅም የበለጠ ኃይል የለውም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በእነዚህ አይሮፕላኖች ዳግመኛ መብረር የጀመረው ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።

እኛ በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች አንድ ገንዘብ ወጪ ለማድረግ ሁለት ፊርማ ሲጠየቅ ሥራ የሚያጓትት ሥርዓት እየመሰለን እናጉረመርማለን። መምህሩም ተማሪው ስሌቱን ደግሞ እንዲያረጋግጥ ሲያዝዝ ትእዛዙ ከንቱ ድካም ይመስላል። ነገር ግን ሁለተኛው ፊርማና ሁለተኛው ስሌት፣ በቀኝ በኩል ቆሞ ሳይጠየቅ እንደ ቀረው እንደዚያ ጠቋሚ ናቸው። በኤጄሬ ምድር ያረፉትን የምናከብረው በየሥራችን ሁለተኛውን ምስክር ሳንጠራ ፍርድ ባለመስጠት ነው።