ያልጠየቅኩት ታሪክ

ከምርቃት በኋላ የተመደብኩት አዊ ደጋ ላይ ነበር። አንድ ጠዋት አንድ ገበሬ የከሳ ልጁን ታቅፎ መጣ። «ዶክተር፣ መሬቱ ከዳን። ዝናቡ አለ፣ ገብሱ ግን ቢጫ ሆኖ ይቀራል። አሁን እንግዶ ነው የምንዘራ» አለኝ። እኔ ካርዱ ላይ «የምግብ እጥረት» ብዬ ጻፍኩ፣ ስለ አመጋገብ መከርኩት፣ ሸኘሁት። «ታሪክ በደንብ ውሰዱ» እየተባልን አይደል የተማርነው? የአፈሩን ታሪክ ግን አልጠየቅኩም።

ሰውየው የነገረኝ የታወቀ ሕመም ነው። አሉሚኒየም በአፈር ውስጥ ሞልቷል፤ ከማዕድናት ጋር ታስሮ እስከኖረ ድረስ ማንንም አይነካም። ዝናብ ካልሲየሙን አጥቦ አፈሩ ሲኮመጥጥ፣ ፒኤች ወደ 5 እና ከዚያ በታች ሲወርድ ግን ይሟሟል። መጀመሪያ የሚመታው የስሩን ጫፍ ነው። ስሩ በሰዓታት ውስጥ ማደግ ያቆማል፤ አጥሮና ደንድኖ ይቀራል። ከታች ውሃ እያለ ተክሉ ይጠማል። ከእህሎች ደግሞ ገብስ ቶሎ ከሚጎዱት አንዱ ነው።

ይህን ችግር አስቀድመው ከታገሉት መካከል የደቡብ ብራዚል ሰዎች ይገኙበታል። በሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል ስንዴው እንደተለበለበ ሆኖ ስለሚደርቅ ሕመሙን «ክሬስታሜንቶ» አሉት፤ መለብለብ ማለት ነው። እንደ ስዊድናዊው ኢዋር ቤክማን ያሉ አዳቃዮች ለአሥርተ ዓመታት እዚያው ኮምጣጣ አፈር ላይ እየዘሩ፣ ከተረፈው ዘር እየወሰዱ ቀጠሉ። ስንዴው ለምን እንደሚተርፍ ሳይታወቅ የሚተርፍ ስንዴ ተገኘ። በእኛም ሙያ ስንት መድኃኒት አሠራሩ ሳይታወቅ ሠርቷል!

ምክንያቱ የተገኘው ከብዙ ዓመት በኋላ አውስትራሊያ ውስጥ ነው። ካራዚኞ የተባለው የብራዚል ስንዴ ከአንድ የአውስትራሊያ ስንዴ ጋር ተዳቀለ። ከዚያም በሌላው ሁሉ ተመሳሳይ ሆነው በዚህ ጠባይ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ዘሮች ወጡ። ካንቤራ ላይ ዴልሄዝና ራያን እ.ኤ.አ. በ1993 እንዳሳዩት፣ አሉሚኒየም ሲነካው የቻዩ ስንዴ የስር ጫፍ ከሌላው ከ5 እስከ 10 እጥፍ ማሌት ወደ አፈሩ ያፈስሳል። ማሌት አፕልን የሚያኮመጥጠው አሲድ ነው፤ አሉሚኒየሙን ይይዝና ስሩ ውስጥ እንዳይገባ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሳሳኪና ባልደረቦቹ ማሌቱ የሚወጣበትን በር የሚሠራውን ጂን አገኙ። የሚገርመው፣ በሩን የሚከፍተው ራሱ አሉሚኒየሙ ነው። ማሽላ ደግሞ ተመሳሳዩን ሥራ በሲትሬት፣ በሎሚ አሲድ፣ ይሠራል።

እኛ ሐኪሞችስ? ዴንቨር ላይ አልፍሬይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1976 በዲያሊሲስ ላይ ሆነው አንደበታቸው ተሳስሮ፣ አእምሯቸው ተናግቶ የሞቱ ሕሙማንን አንጎል መርምረው ብዙ አሉሚኒየም አገኙ። ከሚታጠቡበት ውሃና ያኔ ለፎስፌት ይሰጣቸው ከነበረው ክኒን የመጣ ነበር። መፍትሔው የስንዴውን ይመስላል፦ ዴስፈሪኦክሳሚን ብረቱን ይይዝና ያስወጣዋል። መድኃኒቱ የተገኘውም ከአፈር ባክቴሪያ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ማሽላን የሚያድነው ሲትሬት በእኛ አንጀት ውስጥ አሉሚኒየም ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ መስጠት አደጋ ነው።

በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ ይገመታል። ኖራ ይረዳል፤ ግን በሄክታር ብዙ ኩንታል ይፈልጋል፣ ማጓጓዣውም ከባድ ነው። አዊ ላይ ብዙ ገበሬ እህሉን ትቶ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ ተክሏል። ስለዚህ ኖራውም የሚችል ዘሩም አብረው ያስፈልጋሉ።

የግብርና ተመራቂ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ካፌ ሰልፍ ላይ ስንት ዓመት አብረን ቆምን፤ አንድ ቀን ግን ስለ አፈር አልጠየቅኳችሁም። ያን ጊዜ አንዳችሁን ባውቅ ኖሮ ልጁን አክሜ አባትየውን ወደ እናንተ እልክ ነበር። በዘንድሮው መገናኛ ላይ ስልካችሁን ሳልይዝ አልሄድም። አሁን ክፍሌ ውስጥ ለተለማማጆቼ የከሳ ልጅ ሲመጣ አንድ ጥያቄ እንዲጨምሩ እነግራቸዋለሁ፦ «ማሳችሁ ላይ ምን ይበቅላል? ምንስ ማብቀል አቆመ?»