ናሙና

ጤፍ ሸማች ከጆንያው አፍ ያለውን ብቻ አይታ ዋጋ አትቆርጥም፤ እጇን ወደ ታች ሰድዳ ትዘግናለች። ያ ጭብጥ ናሙና ነው፦ ሙሉውን የሚወክል ጥቂት። በሚዲያ ጥናትም ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ቁም ነገሩ መወከሉ እንጂ ብዛቱ አይደለም።

በ1936 እ.ኤ.አ. ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ስም ለቅሞ መጠይቅ በተነ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ይዞ በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል አለ፤ ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጆርጅ ጋሎፕ ግን እጅግ ባነሰ ናሙና አሸናፊውን አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። በዚያ የኢኮኖሚ ችግር ዘመን ባለስልክና ባለመኪና የጆንያው አፍ ነበሩ፤ ከተጠየቁትም አብዛኞቹ አልመለሱም።

«ሕዝቡ እንዲህ አለ» የሚል ዜና ሲያነቡ፣ «ስንት ሰው?» ከማለትዎ በፊት «እነማን?» ይበሉ።