መውሲም፦ ከኢብኑ ማጂድ እስከ ሳተላይት

ሞተር ባልነበረበት ዘመን ከሞምባሳ ወደ ዓደን ወይም ወደ ህንድ የሚሄድ ነጋዴ ቀኑን የሚቆርጥለት ንፋስ ነበር። ከኅዳር እስከ መጋቢት ንፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍስና መርከቦችን ከዐረቢያና ከህንድ ወደ አፍሪካ ያመጣል። ከዚያ ይገለበጥና ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል፤ መርከቦቹም ይመለሳሉ። ጊዜው ያለፈበት ሰው ወደብ ላይ ወራት ይቀመጣል። ዐረቦች ይህን ወቅት «መውሲም» አሉት። ዛሬ ዓለም «ሞንሱን» የሚለው ቃል ከዚሁ የመጣ ነው።

ይህን እውቀት በጽሑፍ ካቆዩልን አንዱ አሕመድ ኢብኑ ማጂድ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በጁልፋር፣ በዛሬዋ ራስ አል ኸይማ የተወለደ መርከበኛ ነበር። «ኪታቡል ፈዋኢድ» በተባለው ሥራው የከዋክብትን ከፍታ፣ የባሕር መንገዶችንና የጉዞ ወቅቶችን አስፍሯል።

በሰኔና በሐምሌ ግን ንፋሱ ስለሚበረታ መርከበኞች ባሕሩን ይሸሹ ነበር። ታዲያ ሰው የሚሸሸውን ንፋስ ማን ይለካዋል? ለዘመናት የባሕር ንፋስ የሚታወቀው በአብዛኛው መርከቦች ባለፉበት መስመር ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1978 ናሳ ሲሳት የተባለችውን ሳተላይት አመጠቀ። መሣሪያዋ ማይክሮዌቭ ወደ ባሕሩ ይልካል። ንፋስ የውሃውን ገጽ በሴንቲሜትር በሚለኩ ጥቃቅን ሞገዶች ያሻክረዋል። የሻከረው ገጽ ወደ ሳተላይቷ የሚመልሰው ምልክት ይበረታል። ከተለያየ ማዕዘን ሲለካ የንፋሱ ፍጥነትም አቅጣጫም ይገኛል። ደመናም ሌሊትም አያግደውም። ሲሳት ከሦስት ወር ጥቂት ካለፈ በኋላ በኤሌክትሪክ ብልሽት ሥራዋ ተቋረጠ። በ1999 የመጠቀችው ኩዊክስካት ግን 10 ዓመት ያህል ሠራች፤ በረዶ ካልሸፈነው ውቅያኖስ 90 በመቶ ያህሉን በየቀኑ ትቃኝ ነበር። መርከበኞች ይሸሹት የነበረው የሶማሊያ ጠረፍ የክረምት ንፋስ ሳይቀር ከዳር እስከ ዳር ተለካ።

ወንድሜ፣ እህቴ! «ስሙን የሰጡት የእኛ ናቸው» ብሎ መኩራት ቀላል ነው። ኢብኑ ማጂድ ግን አባቱም አያቱም መርከበኞች ነበሩ፤ እሱ በእነሱ ስም ብቻ አልኖረም። የወረሰውን ይዞ ባሕር ወጣ፣ የራሱን ጨመረ፣ ጻፈ። ዛሬ ናሳ የሳተላይት የንፋስ መረጃውን ለማንም በነፃ ከፍቷል። የሚጠይቀው ሒሳብ፣ ፊዚክስና ትዕግሥት ነው። እኛስ ምን እንጨምራለን?