የሰፊ ክልል የኮምፒዩተር መረብ ትምህርት፤ አመጣጡና ቁም ነገሩ

ማንኛውም የሙያ ትምህርት ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይይዛል። አንደኛው በዘመኑ የሚሠራበት መሣሪያ ስምና አያያዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው መሣሪያውን ያስገኘው ችግርና ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ከመሣሪያው ጋር ያረጃል፤ ሁለተኛው ግን ለተከታዩ ትውልድ ይተርፋል። ይህ እውነት ጎልቶ ከሚታይባቸው የትምህርት ዓይነቶች አንዱ በኮሌጆች የሚሰጠው የሰፊ ክልል መረብ፣ ማለትም ከተማን ከከተማ፣ አገርን ከአገር የሚያገናኘው የዋይድ ኤሪያ ኔትወርክ ትምህርት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የትምህርቱ መነሻ ከመስመር ዋጋ ጋር የተያያዘ ነው። ሁለት ሰዎች በስልክ ሲነጋገሩ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ለእነርሱ ብቻ ይያዛል፤ ዝም ቢሉም እንኳ ሌላ ሰው አይገባበትም። ኮምፒዩተር ግን ጥቂት ፊደላት ልኮ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም የሚል በመሆኑ፣ ውድ የሆነው የሩቅ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይውላል። በአሜሪካ ፖል ባራን ጥቃት ቢደርስበት የማይበጠስ መረብ ለመንደፍ ተነሥቶ በ1964 ጥናቱን አወጣ። በእንግሊዝ ደግሞ ዶናልድ ዴቪስ በ1965 መስመርን በቁጠባ ለመጠቀም ሲያስብ፣ ከባራን ጋር ሳይመካከር ወደ ተመሳሳይ መፍትሔ ደረሰ። ይኸውም መልእክቱን በትንንሽ ጥቅል ከፋፍሎ፣ በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ አድራሻ ጽፎ፣ ክፍት በሆነው መንገድ መላክ ነው። የሲራራ ነጋዴ ዕቃውን በብዙ አጋሰስ ላይ አከፋፍሎ በልዩ ልዩ መንገድ ቢልክና ከገበያው ሲደርስ መልሶ ቢያሰባስበው እንደ ማለት ነው። ዴቪስ ለጥቅሉ ያወጣለት «ፓኬት» የሚለው ስም እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ይህ ሐሳብ በ1969 በአርፓኔት በሰፊው ተፈተነ። የመጀመሪያው መስመር በሎስ አንጀለስ የሚገኘውን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው ከስታንፎርድ የምርምር ተቋም ጋር ያገናኝ ነበር፤ ፍጥነቱም በሴኮንድ 50 ሺህ ቢት ነበር። ኦክቶበር 29 ቀን ማታ ቻርሊ ክላይን የተባለ ተማሪ «ሎግኢን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል መላክ ሲጀምር፣ ከአምስቱ ፊደላት ሁለቱ ብቻ እንደ ደረሱ የተቀባዩ ኮምፒዩተር ሥራውን አቆመ። ጉድለቱ ከታረመ በኋላ ግንኙነቱ በዚያው ሌሊት ተሳካ።

በዚያን ጊዜ ስለዚህ ሙያ የተዘጋጀ መማሪያ መጽሐፍ አልነበረም። ኮምፒዩተሮቹ የሚነጋገሩበትን ደንብ በአብዛኛው የነደፉት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ስቲቭ ክሮከር፣ ቪንት ሰርፍና ጆን ፖስቴል ከእነርሱ መካከል ነበሩ። ክሮከር በኤፕሪል 1969 የመጀመሪያውን ማስታወሻ ሲጽፍ፣ ትእዛዝ እንዳይመስልበት አስተያየት መጠየቂያ ብሎ ሰየመው። በዚህ ስም የሚጠሩት ሰነዶች ዛሬም የኢንተርኔት ደንቦች መዝገብ ናቸው። እንግዲህ የዚህ ሙያ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ስሙ ገና ያልወጣለትን ነገር ከችግሩ ተነሥተው ተማሩ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ስሞች በዙ። በ1976 ኤክስ.25 የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ጸደቀ። በዚያ ዘመን መስመሩ በአብዛኛው የመዳብ ሽቦ ስለ ነበረ ስሕተት ይበዛበት ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ጣቢያ የተቀበለውን ይመረምራል፤ የተበላሸ ቢያገኝ እንደገና ያስልካል፤ ጭነት በየኬላው እንደሚፈተሽ መሆኑ ነው። የብርሃን ማስተላለፊያ ቃጫ፣ ማለትም ፋይበር ኦፕቲክ፣ ሲስፋፋ ግን ስሕተቱ እጅግ ቀነሰ፤ የየኬላውም ፍተሻ ጊዜ ማባከን ሆነ። በ1990ዎቹ የተስፋፋው ፍሬም ሪሌይ ጣቢያዎቹ የተበላሸውን ጥለው እንዲያልፉ፣ እርማቱ ግን በላኪና በተቀባይ እንዲፈጸም አደረገ። ኤ.ቲ.ኤም. ደግሞ ድምፅና መረጃ በአንድ መስመር እንዲሄዱ 53 ባይት ርዝመት ያለውን ጥቅል መረጠ። አሜሪካኖች 64፣ አውሮፓውያን 32 ባይት ይሁን ብለው ሲከራከሩ በመካከለኛው በ48 ተስማሙ፤ 5 ባይት ለአድራሻ ታከለበት። ቆይቶም፣ በ2001 አወቃቀሩ በይፋ ሰነድ የወጣው ኤም.ፒ.ኤል.ኤስ. የሁለቱን ስፍራ በብዙ አገር ወረሰ።

የኮሌጅ ትምህርት እነዚህን ስሞች እየተከተለ ተጓዘ። በ1997 የተቋቋመው የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ ቀድሞ በአራት መንፈቅ ይሰጥ ከነበረው ትምህርት አራተኛውን ለሰፊ ክልል መረብ መድቦ፣ ፍሬም ሪሌይንና አይ.ኤስ.ዲ.ኤን.ን ያስተምር ነበር። ትእዛዞቹን ብቻ በቃሉ ያጠና ተማሪ መሣሪያው ከሥራ ሲወጣ ዕውቀቱም አብሮት ወጣ። ፍተሻው ከየኬላው ለምን እንደ ተነሣ የተረዳው ግን አዲሱን ደንብ ለመቀበል አልተቸገረም።

የምክንያቱን ዋጋ የአዲስ አበባም ታሪክ ይመሰክራል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ የሠለጠኑት አገሮች ስለ ኤ.ቲ.ኤም. ሲከራከሩ፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ያመላልስ የነበረው በፊዶኔት ዘዴ ነው። ደብዳቤዎቹ ይጠራቀማሉ፤ ከዚያም በተራ የስልክ መስመር ተደውሎ በአንድነት ይላካሉ። በ1997 በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት እስኪጀመር ድረስ፣ ያለማቋረጥ ክፍት የሆነ የውጭ መስመር ለሌለው ተጠቃሚ ከዚህ የተሻለ ዘዴ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ዘዴውን የመረጡት ባለሙያዎች የተመለከቱት የመሣሪያውን ዘመናዊነት ሳይሆን የመስመሩን ዋጋና ጠባይ ነው።

በመሆኑም ትምህርቱን ለሚያስተምር ባለሙያ ምርጫው ቀላል አይደለም። ተማሪው ሥራ ለመያዝ ዛሬ የሚሠራበትን መሣሪያ ማወቅ አለበት፤ ይህን የሚነፍግ መምህር ይበድለዋል። ነገር ግን መስመሩ ምን ያህል ያስከፍላል፣ ስሕተቱ ምን ያህል ነው፣ ስሕተቱንስ ማን ያርመው የሚሉትን ጥያቄዎች ሳይጠይቅ የሚመረቅ ተማሪ፣ ነገ ለሚመጣው መሣሪያ እንደገና ከሀሁ መጀመሩ አይቀርም። አርፓኔት በ1990፣ ኤክስ.25ና ፍሬም ሪሌይም በተከታታይ ከአገልግሎት ወጥተዋል፤ ሦስቱ ጥያቄዎች ግን በማንኛውም አዲስ መስመር ላይ ዛሬም መልስ ይፈልጋሉ።