ዓለም ባንክ፦ የአንድ ሰፈር ስም፣ የሁለት ቃላት ታሪክ

ዓለም ባንክ በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው በደርግ ዘመን በዓለም ባንክ ብድር ከተካሄደ የመኖሪያ ቤት ልማት ነው። ነዋሪው መንደሩን በገንዘቡ ምንጭ ጠራው፤ ስሙም በዚያው ጸና። ስሙን ያቆሙት ሁለቱ ቃላት ግን ከሰፈሩ እጅግ የሚያረጁ ናቸው፤ እዚህ የደረሱትም በተለያየ መንገድ ነው።

«ዓለም» ሴማዊ ቃል ነው። በጥንታዊው ዕብራይስጥ «ዖላም» መጀመሪያ የሚያመለክተው ቦታን ሳይሆን ጊዜን፣ ወሰን የሌለውን ዘመን ነበር፤ «ምድርና በውስጧ ያለው ሁሉ» የሚለው ትርጉም በኋላ መጣ። ግዕዝ ሁለቱንም ይዟል። አማርኛ በዕለት ንግግሩ «ዓለም» ሲል ቦታውን ያስባል፤ ጊዜው ግን «ዘለዓለም» በሚለው ቃል ውስጥ ተቀምጦ ቀርቷል። ከዚህም አልፎ ቃሉ ደስታ ማለት ሆነ፤ «የልጄን ዓለም ልይ» የሚሉ እናት የሚመኙት ሠርግ ነው። የዓረብኛው «ዓለም» በበኩሉ ዘመድ ወዳልሆኑ ቋንቋዎች ተሻገረ። በማላይኛና በኢንዶኔዥያኛ «አላም» ተፈጥሮ ማለትም ነው። በቱርክኛ ደግሞ ቃሉ ከዓለም ሌላ ፈንጠዝያን ይጠራል፤ አማርኛና ቱርክኛ ሳይመካከሩ አንድ ሐሳብ ላይ ደርሰዋል።

«ባንክ» የመጣው ከአግዳሚ ወንበር ነው። በጥንቱ የጀርመናውያን ቋንቋ ቃሉ አግዳሚ መቀመጫ ማለት ነበር። ጣሊያኖች ወስደው «ባንኮ» እና «ባንካ» አሉት። በመካከለኛው ዘመን ገንዘብ መንዛሪዎች በገበያ ላይ ሳንቲማቸውን የሚደረድሩበት ገበታ በዚሁ ስም ተጠራ፤ ስሙም ከገበታው ወደ ሥራው፣ ከሥራው ወደ ተቋሙ ተሸጋገረ። ጀርመንኛ ዛሬም መቀመጫውንና የገንዘብ ቤቱን በአንድ ቃል ይጠራል፤ የሚለያቸው ብዙ ቁጥራቸው ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ የወንዝ ዳር ተረተርም «ባንክ» ይባላል፤ እሱም የዚያው ሥር ሌላ ቅርንጫፍ ነው።

ግሪኮችም ስሙን ያወጡት ከገበታ ነው። «ትራፔዛ» መነሻ ትርጉሙ «ባለ አራት እግር» ሲሆን፣ ገበታን ከዚያም የመንዛሪን ገበታ ሰየመ። ዛሬ በአቴንስ የባንክ በር ላይ የሚነበበው ይኸው ቃል ነው። አማርኛም ቃሉን ያውቀዋል፤ «ጠረጴዛ» እሱ ነው። መሐሉ ላይ የምትታየው «ጴ» መንገዱን ታሳብቃለች፤ እንደ «ጳጳስ»ና «ጴጥሮስ» ባሉ ከግሪክ በመጡ ቃላት የምትታወቅ የፊደል ዘር ናት። ግሪክ የባንኩን ትርጉም ሲያስቀድም፣ አማርኛ ከገበታው አልተላቀቀም። በባርሴሎና እ.ኤ.አ. በ1401 የተቋቋመው የከተማው ባንክም «ታውላ» ይባል ነበር፤ በካታላንኛ ጠረጴዛ ማለት ነው። የጣሊያንኛው አቻው «ታቮላ» በአማርኛ «ጣውላ» ሆኖ ከአናጺ እጅ ገብቷል።

በገበታ ያልተመሩ ቋንቋዎችም አሉ። ቻይንኛ ባንክን የሚጠራው ብር ከሚለው የማዕድን ስም ተነሥቶ «ዪንሃንግ»፣ የብር ንግድ ቤት፣ ብሎ ነው። ዓረብኛ «መስሪፍ» ሲል ምንዛሪን መነሻ ያደርጋል።

ወደ ኢትዮጵያ ተቋሙ የገባው ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1905 ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገው ስምምነት የአቢሲኒያ ባንክን ሲፈቅዱ ነው፤ ባንኩ በ1906 ሥራ ጀመረ። የቃሉ ወንድም ግን በሌላ በር ገባ። ጣሊያንኛ «ትልቅ ባንኮ» ለማለት «ባንኮኔ» ይላል፤ አማርኛ «ባንኮኒ» አለው። አሳላፊው ብርጭቆ የሚደረድርበት የቡና ቤት ባንኮኒ ከጥንቱ የመንዛሪ ገበታ ጋር በቅርጽም በሥራም ይቀራረባል፤ ከኋላው አንድ ሰው ቆሞ ገንዘብ ይቀበላል፣ መልስ ይሰጣል።

ዓለም ባንክ የተባለው ተቋም የተወጠነው እ.ኤ.አ. በ1944 በብሬተን ውድስ ጉባኤ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም ከ44ቱ ተሳታፊ አገሮች አንዷ ነበረች። በ1950 ለመንገድና ለልማት ባንክ የተበደረችው 7 ሚሊዮን ዶላር ተቋሙ ለአፍሪካ የሰጠው የመጀመሪያ ብድር ነው። ኮልፌ ላይ የቤት ልማቱን ያገዘው ብድር የመጣው ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው።

ዛሬ ከአየር ጤና የሚነሣ ታክሲ ረዳት «ዓለም ባንክ!» ብሎ ሲጣራ ስለ ብድር የሚያስብ ተሳፋሪ የለም። ገንዘብ ሊያወጣ የሚሄድ የሰፈሩ ሰው «ባንክ ቤት» ይላል፤ እንደ ሻይ ቤትና እንደ መድኃኒት ቤት። «ዓለም ባንክ ካለው ባንክ ቤት እንገናኝ» ሲባል አንዱ ቃል በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ መጀመሪያ ሰፈር፣ ቀጥሎ ተቋም ሆኖ።