የጣና አጥማጆች ክርና መረብ

ከጎንደር ከተማ በስተ ደቡብ፣ መገጭ ወንዝ ወደ ጣና ከሚገባበት ዳርቻ አንሥቶ እስከ ጎርጎራና ከዚያም ማዶ፣ ዓሣ የማጥመድ ጥበብ ከቤተ መንግሥቱና ከሊቃውንቱ ጉባኤ ርቆ፣ በተለይ በወይጦ ማኅበረሰብ እጅ ከአባት ወደ ልጅ ሲወራረስ የኖረ ሙያ ነው፤ ደንገል አጭደው፣ አድርቀውና አስረው የሚሠሯት ታንኳም እስከ ዛሬ የዚህ ሙያ ምስክር ናት። የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ ተብለው በጎረቤቶቻቸው ዘንድ የተናቁት እነዚህ ሰዎች፣ በዐቢይ ጾም ዓሣ ለሚሻው ሁሉ ሲሳይን ያቀርቡ እንደ ነበር ሳስብ እጅግ አዝናለሁ።

የጥጥ ክር ውኃ ጠጥቶ ካልደረቀ ይበሰብሳልና፣ እንዲህ ባለው ክር የሚሠራ አጥማጅ ከውኃ በወጣ ቁጥር መረቡን ፀሐይ ላይ መዘርጋት፣ የተበጠሰውንም ዐይን በጣቱ መልሶ መቋጠር ግድ ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 ግን የእርሻ ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና የኔዘርላንድ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ተባብረው የሞተር ጀልባና የማይበሰብስ የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ አመጡ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ነጭ ዓሣ በክረምት ዕንቁላሉን ሊጥል ወደ መገጭ፣ ወደ ድርማና ወደ ጉማራ ሲወጣ መረቡ በወንዞቹ አፍ እየጠበቀው፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ብዛቱ በሦስት አራተኛ ገደማ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ የተስፋፋው የነጠላ ፕላስቲክ ክር መረብ ደግሞ፣ በእኔ ፍርድ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ርካሽና በውኃ ውስጥ የማይታይ ቢሆንም ቶሎ ይበጣጠሳል፣ ቁራጩም ሳይበሰብስ ከሐይቁ ውስጥ ዓሣ ሲይዝ ይኖራል።